ኤለመንተር ላይ ያስተካከላችሁት ለምን አይታይም?
ባሕር ዳር ውስጥ ለእንግዳ ማረፊያና ለአስጎብኚዎች ድረ ገጽ የምትሠሩ ልጆች ይህ ሳይገጥማችሁ አይቀርም። የጢስ ዓባይ ጉብኝት ዋጋ ኤለመንተር ላይ (ድረ ገጽ መሥሪያው ዎርድፕረስ ላይ የሚጨመር የገጽ መንደፊያ) ተቀይሯል፣ ሴቭም ተደርጓል። ደንበኛው ስልክ ላይ ግን አሮጌው ዋጋ እንዳለ ነው።

አትደንግጡ፣ ሥራችሁ አልጠፋም። ብዙውን ጊዜ ጣጣው ካሽ ነው፤ ገጹ ቶሎ እንዲከፈት ተብሎ የተቀመጠ ቅጂ ማለት ነው። ግራ የሚያጋባው ቅጂው አንድ ቦታ ብቻ አለመቀመጡ ነው። ብራውዘሩ የራሱ አለው፣ የካሽ ፕለጊኑ (ቅጂ እንዲያስቀምጥ ዎርድፕረስ ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) የራሱ አለው፣ አንዳንዴ የሆስቲንጉ ሰርቨርም (ድረ ገጹ ያለበት ኮምፒውተር) ይጨምርበታል።

መጀመሪያ ገጹን በኢንኮግኒቶ፣ ማለትም ብራውዘሩ ቀድሞ ያስቀመጠውን ቅጂ በማይጠቀም የግል መስኮት፣ ክፈቱት። አዲሱ ዋጋ ከታየ ችግሩ ብራውዘሩ ላይ ነው። ካልታየ የፕለጊኑንና የሰርቨሩን ካሽ አጽዱ።

ጽሑፉ ተቀይሮ ቀለሙ ወይም ክፍተቱ ብቻ አሮጌ ከሆነስ? ኤለመንተር የገጹን መልክ ለብቻው በሲኤስኤስ ፋይል ያስቀምጣል፤ ያረጀው እሱ ሊሆን ይችላል። ዎርድፕረስ ዳሽቦርድ ላይ ኤለመንተር ሥር ወዳለው ቱልስ ገብታችሁ ፋይሎቹን አጽዱ፤ እንደገና ራሱ ይፈጥራቸዋል። እባካችሁ፣ ይህን ሳትሞክሩ የለፋችሁበትን ገጽ አጥፍታችሁ ከዜሮ አትጀምሩ።