በቴክሳስ «በውኃ ዕቅዱ ገብቷል» ማለት ገንዘብ ተመድቦለታል ማለት ነውን?

አንድ የውኃ ፕሮጀክት በዕቅዱ መካተቱ ሲሰማ ገንዘቡም አብሮ እንደተፈቀደለት አድርጎ የመረዳት ስሕተት በመካከላችን ደጋግሞ ስለታየ፣ ሁለቱን ለይቶ ማስረዳት ተገቢ ይመስለኛል። ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣ ሕግ መሠረት በ16 የዕቅድ አካባቢዎች የተከፈለች ሲሆን፣ እያንዳንዱ አካባቢ በታሪክ የተመዘገበው እጅግ የከፋ ድርቅ ቢደገም ምን ያህል ውኃ እንደሚያስፈልገው አስልቶ፣ የቀጣዮቹን 50 ዓመታት ዕቅድ በየ5 ዓመቱ ያዘጋጃል፤ እነዚህ ተጠቃለው የግዛቲቱ የውኃ ዕቅድ ይሆናሉ።

ገንዘቡ ግን በሌላ በር የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 መራጩ ሕዝብ ካጸደቀው በኋላ 2 ቢሊዮን ዶላር የተመደበለትና በምህጻሩ ስዊፍት የሚባለው የግዛቲቱ የውኃ ዕቅድ ማስፈጸሚያ ፈንድ በብድር የሚያግዘው በዕቅዱ የተካተቱ ፕሮጀክቶችን ብቻ ነው። ስለዚህ መካተት ለማመልከት ያበቃል እንጂ በራሱ ገንዘብ አያስገኝም።

ለምሳሌ አንዲት ከተማ የግድብ ሐሳቧን በዕቅዱ አስገብታ ሳታመለክት ብትቀር፣ ከዚህ ፈንድ የምታገኘው ነገር የለም። ብታመለክትም ከሌሎች ጋር ተመዝና በቅደም ተከተል ትሰለፋለች፤ ብድሩ ከተፈቀደላትም ከውኃ ተጠቃሚዎቿ ከምትሰበስበው ክፍያ ወይም ከሌላ ገቢዋ ትመልሳለች (ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ይህንኑ መመለሱን ነው)።

እስከዚህ ያለው የጸና ሲሆን፣ የወለዱ መጠን፣ የመክፈያው ዘመንና በየዙሩ ለብድር የሚቀርበው ገንዘብ ግን እንደ ጊዜውና እንደ ፕሮጀክቱ ይለያያል።