ቤን ቺፍሊ፦ ከባቡር ነጂነት እስከ ጠቅላይ ሚኒስትርነት

ጆሴፍ ቤኔዲክት ቺፍሊ ከ1945 እስከ 1949 አውስትራሊያን በጠቅላይ ሚኒስትርነት የመሩ የሌበር ፓርቲ ሰው ናቸው (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ1885 በኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ባተርስት ከተማ ከአንጥረኛ አባት ተወለዱ። ልጅነታቸውን ያሳለፉት ግን በአያታቸው እርሻ፣ ገለባ በታጨቀበት ጆንያ ላይ እየተኙ ነው።

በ1903 በባተርስት የባቡር ጋራዥ በተላላኪነት ተቀጠሩ። ከዚያ ባቡር አጠቡ፣ ቀጥሎም ምድጃው ፊት ቆመው ከሰል በአካፋ ጨመሩ። በ1914 የአንደኛ ደረጃ ነጂ ሲሆኑ ገና 28 ዓመታቸው ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ለዚህ የበቃ ብዙ አልነበረም። ከሥራ መልስ ማታ ማታ ይማሩ ነበር።

በኦገስት 1917 የሲድኒ የባቡርና የትራም ጥገና ሠራተኞች እያንዳንዱ ሥራ የፈጀውን ጊዜ የሚመዘግብ ካርድ ሲመጣባቸው ሥራ አቆሙ። አድማው በግዛቱ ተዛመተ። ቺፍሊም ባቡራቸውን አቁመው ወጡ፤ ተባረሩም። አድማው ሲከሽፍ መልሰው የቀጠሯቸው ከነጂነት ዝቅ አድርገው፣ በአገልግሎት ዘመን ያገኙትን ቅድሚያ ነጥቀው ነው። ቅድሚያው የተመለሰው በ1925 በግዛቱ የጃክ ላንግ የሌበር መንግሥት ሥልጣን ሲይዝ ነው። ቺፍሊን ፖለቲከኛ ያደረጋቸው ይህ ቅጣት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1920 የባቡር ነጂዎችና የከሰል ጨማሪዎች አገር አቀፍ ማኅበር ሲመሠረት ግንባር ቀደም ከነበሩት አንዱ ናቸው።

በ1928 ፓርላማ ገቡ፤ በ1931 የመከላከያ ሚኒስትር ሆኑ፤ በዚያው ዓመት መቀመጫቸውን አጡ። በ1940 ተመልሰው በ1941 የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ፤ የጦርነቱን ወጪ የመሸፈን ሸክምም በእሳቸው ትከሻ ላይ ወደቀ። ጠቅላይ ሚኒስትር ከርቲን በጁላይ 1945 ሲሞቱ ተተኩ።

የስኖዊ ተራሮች የውኃ ኃይል ግንባታና የአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የዘመናቸው ሥራዎች ናቸው። በ1947 የግል ባንኮችን ለመውረስ መወሰናቸውን በአጭር መግለጫ አስታወቁ፤ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን ሕጉን በ1948 ሻረው። ይበልጥ የሚያነጋግረው በ1949 የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ሲያድሙ ወታደር ወደ ማዕድኑ መላካቸው ነው። ኮሙኒስቶች አድማውን ስለመሩት ግድ ሆነባቸው የሚሉ አሉ፤ የራሳቸውን 1917 ረሱ የሚሉም አልጠፉም። በዚያው ዓመት ዲሴምበር በምርጫ በሊበራል ፓርቲው መሪ በሮበርት ሜንዚስ ተሸነፉ።

ለጠቅላይ ሚኒስትር በተሠራው ቤት ፋንታ ካንቤራ ኩራጆንግ ሆቴል ውስጥ አንድ ክፍል ይዘው ይኖሩ ነበር። ጁን 13 ቀን 1951 ምሽት ፓርላማው የፌዴሬሽኑን (ግዛቶቹ አንድ አገር የሆኑበትን) 50ኛ ዓመት በዳንስ ሲያከብር ቺፍሊ በዚያች ክፍል የልብ ሕመም ደረሰባቸው፤ ሆስፒታልም ሳይደርሱ አረፉ። ሜንዚስ ዜናውን ሲሰሙ ሙዚቃውን አስቁመው እንግዶቹን አሰናበቱ። ቺፍሊ ይነዱት የነበረው ቁጥር 5112 የእንፋሎት ባቡር ዛሬ ባተርስት ውስጥ ለመታሰቢያ ቆሟል።