የአዲስ ሱፐርኖቫን ዓይነት ከስፔክትረሙ መለየት፦ ለጅማ አንባቢ የቀረበ ዳሰሳ

ሱፐርኖቫ አንድ ኮከብ ሲፈነዳ የሚፈጠርና ለሳምንታት የጋላክሲውን ብርሃን ሊፎካከር የሚችል ክስተት ነው። ፍንዳታው ምን ዓይነት እንደሆነ በዋናነት የሚታወቀው ከድምቀቱ ሳይሆን ብርሃኑ ስፔክትሮግራፍ በሚባል መሣሪያ እንደ ቀስተ ደመና በሞገድ ርዝመቱ ተበትኖ በሚሰጠው ስፔክትረም ነው። የጅማ ቡና ቀማሽ ማሳውን ሳያይ የቡናውን ደረጃ ከስኒው እንደሚለይ ሁሉ፣ ባለሙያውም የፈነዳውን ኮከብ ሳያይ በብርሃኑ ውስጥ ካለው አሻራ ተነሥቶ ይፈርዳል።

የምደባው መሠረት እ.ኤ.አ. በ1941 በሥነ ፈለክ ተመራማሪው በሩዶልፍ ሚንኮቭስኪ ተጣለ። እሳቸው 14 ሱፐርኖቫዎችን መርምረው ሃይድሮጅን የማይታይባቸውን 9 «ዓይነት አንድ»፣ የሚታይባቸውን 5 «ዓይነት ሁለት» አሏቸው። የቀሩት ንዑስ ክፍሎች በአብዛኛው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተጨመሩ ናቸው።

አሠራሩ ሲታይ የመጀመሪያው ጥያቄ የሃይድሮጅን መስመር (አንድ ንጥረ ነገር በተወሰነ የሞገድ ርዝመት ላይ የሚተወው አሻራ)፣ በተለይም በ656.3 ናኖሜትር ላይ ያለው፣ መኖር አለመኖሩ ነው። ከሌለ ሲሊከን ይፈለጋል። በ635.5 ናኖሜትር መገኘት የነበረበት የሲሊከን መስመር ወደ 615 ገደማ ተገፍቶ ሰፊ ጎድጓዳ ከሠራ፣ ሱፐርኖቫው «አንድ-ኤ» ነው፤ የመስመሩ መገፋትም ቁሱ ወደ እኛ በሰከንድ 10,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተወረወረ መሆኑን ያሳያል። ሲሊከኑ ደካማ ሆኖ ሂሊየም ጎልቶ ከታየ «አንድ-ቢ»፣ ሂሊየምም ከሌለ «አንድ-ሲ» ይባላል። እነዚህ ሁለቱ ውጫዊ ሽፋናቸውን ያጡ ግዙፍ ኮከቦች ናቸው። አንድ-ኤ ግን የነጭ ድንክ፣ ማለትም ነዳጁን የጨረሰ ኮከብ ጥቅጥቅ ያለ ቅሪት፣ ፍንዳታ መሆኑ ቢታመንም፣ ነጭ ድንኩ ከጎረቤቱ ኮከብ ቁስ እየሳበ ይፈነዳል ወይስ ሁለት ነጭ ድንኮች ተጋጭተው የሚለው ክርክር እስካሁን አልተቋጨም። ከዓይነት ሁለት ወገን ደግሞ ቀጫጭን የሃይድሮጅን መስመር የሚያሳዩት «ሁለት-ኤን» ይባላሉ።

ስሕተት የሚበዛው ጊዜውን ካለማጤን ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በኤም 81 ጋላክሲ የታየው ሱፐርኖቫ መጀመሪያ ሃይድሮጅን አሳይቶ፣ ከሳምንታት በኋላ ሂሊየም ጎልቶበታል፤ በዚህም «ሁለት-ቢ» የሚባለው ክፍል ዋነኛ ምሳሌ ሆኗል። የድምቀቱን ጫፍ ያለፈ አንድ-ኤ ከአንድ-ሲ ጋር ሊምታታ ይችላል። ከዚህም ሌላ ሱፐርኖቫው ኮከቦች በሚወለዱበት የጋዝ ደመና አጠገብ ከሆነ፣ የደመናው ቀጭን የሃይድሮጅን መስመር ከፍንዳታው የመጣ መስሎ ጀማሪን ያሳስታል። የጋላክሲው መራቅም መስመሮቹን ሁሉ ወደ ቀይ ስለሚገፋ፣ ይህ ሳይታረም የትኛውም መስመር አይነበብም።

ዛሬ አዲሱ ስፔክትረም ቀድሞ ከተመደቡ ስፔክትረሞች ጋር በኮምፒውተር ፕሮግራም ይነጻጸራል፤ ፕሮግራሙ ዓይነቱን ብቻ ሳይሆን የፍንዳታውን ዕድሜም ይገምታል። የመጨረሻው ፍርድ ግን የሰው ነው። የተገኘው ነገር በስፔክትረም እስኪረጋገጥ ድረስ ስሙ በ«ኤቲ» ይጀምራል፤ ከተረጋገጠ በኋላ ወደ «ኤስኤን» ይለወጣል። በግንቦት 2015 ዓ.ም. ጃፓናዊው ኮይቺ ኢታጋኪ በኤም 101 ጋላክሲ ያገኙት ኤስኤን 2023 አይኤክስኤፍ በሰዓታት ውስጥ ዓይነት ሁለት ተብሎ ተመድቧል።

ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7.7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የሁለቱንም ንፍቀ ክበብ ሰማይ የማየት ዕድል አላት። ኤም 101 ከአድማስ እስከ 43 ዲግሪ ያህል ከፍ ሲል፣ እ.ኤ.አ. የ1987ቱ ዝነኛ ሱፐርኖቫ የፈነዳበት ታላቁ የማጌላን ደመና የተባለው ትንሽ ጎረቤት ጋላክሲ ደግሞ በደቡብ በኩል 13 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ይህ ለብዙዎቹ የአውሮፓ ከተሞች ያልተሰጠ ጸጋ ነው። በአገር ውስጥ 1 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች የሚገኙት በእንጦጦ ነው። ይሁንና በርካታ ስፔክትረሞች በበይነመረብ በነጻ ስለሚለቀቁ፣ የአንጋፋው ጅማ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪ የጅማ ክረምት ሰማዩን በደመና በሸፈነባቸው ወራት እንኳ መስመሮቹን በኮምፒውተሩ ላይ ለክቶ የራሱን ምደባ ከታተመው ጋር ማስተያየት ይችላል።