አነስተኛ የባህል ግራንት ምንድን ነው?

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ውጭ አገር ባሉ ማኅበሮቻችን የተለመደ ነገር አለ። አምስት ስድስት ሰው ይሰባሰባል፣ አዳራሽ ይከራያል፣ ማሲንቆ ተጫዋች ይጠራል፣ ወጪውን ከኪሱ ያዋጣል። በዓሉ ያምራል። ሁለት ሦስት ዓመት እንዲህ ከተሄደ በኋላ ግን ያዋጡት ሰዎች ይደክማሉ፤ ነገሩም ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል። እዚያው ከተማ ውስጥ ለዚሁ ዓይነት ሥራ የተመደበ የሕዝብ ገንዘብ ሊኖር እንደሚችል ብዙዎቻችን አናውቅም። እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ያ ገንዘብ አነስተኛ ግራንት ይባላል። ብድር ስላልሆነ አይመለስም። ሽልማትም አይደለም፤ የሚሰጠው ለሠራችሁት ሳይሆን ገና ልትሠሩት ላሰባችሁት ነው። መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺህ ዶላር ነው። የሕዝብ ገንዘብ ስለሆነ፣ መጠየቅ ልመና የሚመስለው ሰው ካለ ያንን ሐሳብ ይተወው።

አሠራሩን በደንብ የሚያሳየው የአሜሪካው የማሳቹሴትስ ግዛት ነው። ቦስተንና ካምብሪጅ አካባቢ የምትኖሩ ደግሞ ቅርባችሁ ነው። ነገሩ የተጀመረው በሎተሪ ነው፤ ግዛቱ ለኪነ ጥበብ ብሎ የራሱ ሎተሪ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1990 የሎተሪውን ገንዘብ የሚያስተዳድረው አካልና የግዛቱ የኪነ ጥበብ ምክር ቤት ተዋሕደው ማስ ካልቸራል ካውንስል የሚባለው መሥሪያ ቤት ተፈጠረ። ይህ መሥሪያ ቤት ግዛቱ በየዓመቱ ከሚመድብለት በጀት ከፊሉን ለአካባቢ የባህል ምክር ቤቶች ያከፋፍላል። ምክር ቤቶቹ 329 ናቸው፤ የግዛቱን 351 ከተሞች በሙሉ ያዳርሳሉ። ቁጥሩ ያነሰው አንዳንድ ትንንሽ ከተሞች ተጣምረው አንድ ስላቋቋሙ ነው። ክፍፍሉ የሕዝቡን ብዛትና የከተማውን የንብረት ሀብት ያያል፤ ሀብት ያነሰው ከተማ በነፍስ ወከፍ የተሻለ ይደርሰዋል።

እኔ ከሁሉም የምወደው ውሳኔው የሚሰጥበትን መንገድ ነው። ማን ያግኝ የሚለውን የሚወስኑት የከተማው ነዋሪዎች ናቸው። ከተማው ይሾማቸዋል፤ ደመወዝ የላቸውም። አንድ ምክር ቤት ቢያንስ አምስት አባላት አሉት። የአንድ ዙር ዘመናቸው ሦስት ዓመት ነው፤ ከሁለት ዙር በላይ በተከታታይ መቀመጥ አይቻልም። ስለዚህ ማመልከቻችሁን የሚያነበው እንደ እናንተው የሰፈር ሰው ነው። ያ ሰው እንቁጣጣሽ ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል፤ ግን ደስ ብሎት ሊያውቅ ይፈልጋል።

እሱ የሚጠይቀው ዋና ጥያቄ አንድ ነው፦ ሕዝቡ ምን ይጠቀማል? እኛ ብዙ ጊዜ የምንሰናከለው እዚህ ላይ ነው። «የማኅበራችን አባላት አዲሱን ዓመት እንዲያከብሩ» ብለን እንጽፋለን። በሩ ለእኛ ብቻ የተከፈተ ይመስላል። ያንኑ በዓል እንዲህ ብላችሁ ጻፉት፦ «ቅዳሜ ከሰዓት በከተማው ቤተ መጻሕፍት፣ መግቢያው ለሁሉም በነፃ። አንድ ሙዚቀኛ ባለ አንድ ክሩን ማሲንቆ ለልጆች ያሳያል፤ ክሩ ከፈረስ ጭራ መሠራቱን በእጃቸው ነክተው ያያሉ። ልጆቹ በአገራችን ልማድ የአደይ አበባ ሥዕል ሥለው ለጎረቤት ይወስዳሉ።» በዓሉ ያው በዓል ነው። አሁን ግን አንባቢው ማን እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚያይ፣ ምን ይዞ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ይታየዋል።

በጀቱም እንደዚሁ በግልጽ ይጻፍ። ለምሳሌ ለሙዚቀኛው 600 ዶላር፣ ለቀለምና ወረቀት 120፣ ለማስታወቂያ ህትመት 80፤ ድምሩ 800። ቤተ መጻሕፍቱ አዳራሹን በነፃ ከሰጠ እሱንም ጻፉት። በበጎ ፈቃድ የሚያስተናግዱትን ሰዎችም አትርሱ፤ ይህ የእናንተ መዋጮ ነው። «ልዩ ልዩ ወጪ» የሚል መስመር ግን እባካችሁ አታስገቡ። ምን እንደሆነ የማይታወቅ ገንዘብ ደህናውንም መስመር ያስጠረጥራል። የሙዚቀኛውን ክፍያ ደግሞ አትቀንሱ። «ወንድማችን ነው፣ በነፃ ይጫወትልናል» የሚለው አነጋገር ስንቱን አዝማሪ ከሙያው አስወጥቷል!

ለማመልከት የግድ ድርጅት መሆን አያስፈልግም፤ በማሳቹሴትስ ግለሰብም ይችላል። ግን ገንዘቡ በግለሰብ ስም ከመጣ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ግብር ሊመጣበት ስለሚችል አስቀድማችሁ አስቡበት። ገንዘቡ ቀድሞ ይሰጥ እንደሆነ ወይስ ከኪሳችሁ አውጥታችሁ ደረሰኝ ስታቀርቡ የሚተካ እንደሆነም ጠይቁ። ከተማው በኋላ የሚተካ ከሆነ ያንን ጊዜ የሚያሻግር ገንዘብ ያስፈልጋችኋል።

ቀኑ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚያመልጠው። ማመልከቻው የሚከፈተው በሴፕቴምበር መጀመሪያ፣ የሚዘጋው በኦክቶበር አጋማሽ ነው። ገንዘቡም በሚቀጥለው ዓመት ለሚሠራ ሥራ ነው። እንግዲህ የዘንድሮውን እንቁጣጣሽ እያከበራችሁ የከርሞውን መጻፍ አለባችሁ ማለት ነው። ድግሱ ላይ የምታነሷቸውን ፎቶዎች አስቀምጡ፤ ማመልከቻው ላይ ይጠቅሟችኋል።

ከማመልከታችሁ በፊት ደግሞ አንድ ምሽት ወደ ምክር ቤቱ ስብሰባ ሂዱ። ስብሰባው በሕግ ለሕዝብ ክፍት ነው። እያንዳንዱ ምክር ቤት በከተማው ምን ጎደለ ብሎ ነዋሪውን እየጠየቀ የራሱን ቅድሚያ ያወጣል፤ የእናንተንም መልስ መስማት ይፈልጋሉ። ጠረጴዛው ዙሪያ ባዶ ወንበር ካለ፣ እንዴት አባል መሆን እንደሚቻል እዚያው ጠይቁ።