ስዋፕ በዛ ማለት ገበያው ሊናወጥ ነው?

ባለፈው ሳምንት ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣን ነበር። ኮምቦልቻ የሚሠራ ጓደኛችን ስልኩን አወጣና ከቴሌግራም የደረሰውን መልእክት አነበበልን። "አሜሪካ የአክሲዮን ስዋፕ ግብይት ጨምሯል፤ ማዕበል እየመጣ ነው" ይላል። ከዚያ በኋላ ብዙ ተባለ። አብዛኛው ልክ አልነበረም።

"ስዋፕ አክሲዮን መለዋወጥ ነው"

ስሙ ነው የሚያሳስተው። አክሲዮኑ ከእጅ እጅ አይሄድም። ባቲ ገበያ አንድ ነጋዴ በሬ አለው እንበል። እኔ በሬውን ሳልገዛ ከዋጋው ጭማሪ መጠቀም አማረኝ። ተዋዋልን። በሬው እሱ ግቢ ታስሮ ይውላል፤ እኔ በየወሩ የተወሰነ ብር እከፍለዋለሁ። ከተወደደ ልዩነቱን ይሰጠኛል። ከረከሰ እኔ እሰጠዋለሁ። (ምሳሌ ነው እንጂ ባቲ ላይ እንዲህ የሚዋዋል አላየሁም። ወለድ ስለሚመስል ሼኾቹም ዝም አይሉኝም።) እዚያ ማዶ ነጋዴው ባንክ ነው፣ በሬው ደግሞ አክሲዮን።

"ግብይቱ ከበዛ ዋጋ ሊወርድ ነው"

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። እያንዳንዱ ውል ሁለት ወገን አለው። አንዱ ይወደዳል ብሎ ሲገባ፣ ባንኩ ራሱን ለመጠበቅ ብዙውን ጊዜ አክሲዮኑን ገዝቶ ያስቀምጣል። ስለዚህ የውሉ ብዛት ብቻውን አቅጣጫ አይናገርም። ጊዜው ያለቀ ውል ሲታደስም ቁጥሩ ይጨምራል። ገበያው ከተናወጠ በኋላ ሰው ከኪሳራ መከላከያ ፍለጋ ሲሯሯጥም ይጨምራል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ሐረጎ ዳገት ላይ መኪኖች መብራት ካበሩ ጉሙ ውስጥ ገብተዋል ማለት ነው፤ ነገ ስለሚመጣው ጉም መብራቱ ምንም አያውቅም።

እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ውሉን የያዘው ማነው? ስንት አክሲዮን ላይ ነው የተከመረው? ስንቱስ በብድር ነው?

"የአርኬጎስ ውድቀት ከቁጥሩ ይታይ ነበር"

አይታይም ነበር። አርኬጎስ የአሜሪካዊውን ባለሀብት የቢል ሁዋንግን የግል ሀብት የሚያስተዳድር ድርጅት ነበር። እንደ ሚዲያ ኩባንያዎቹ ቫያኮምሲቢኤስና ዲስከቨሪ ባሉ ጥቂት ኩባንያዎች ላይ በስዋፕ እጅግ ብዙ ገንዘብ ከመረ። በወረቀት የአክሲዮኖቹ ባለቤት ባንኮቹ ስለነበሩ የእሱ ስም አልወጣም። እያንዳንዱ ባንክም ያየው የራሱን ውል ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 22 ቀን 2021 ቫያኮምሲቢኤስ አዲስ አክሲዮን እሸጣለሁ አለ። ዋጋው ወረደ። ባንኮቹ ተጨማሪ ማስያዣ ጠየቁ፤ ገንዘብ የለም። ያኔ በሬዎቹን ተሻምተው ገበያ አወጡ። አርብ መጋቢት 26 የቫያኮምሲቢኤስ አክሲዮን ባንድ ቀን 27 በመቶ ገደማ ወደቀ። ከባንኮቹ አንዱ ክሬዲት ስዊስ 5.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል ከሰረ። ሁዋንግ እ.ኤ.አ. በ2024 የ18 ዓመት እስር ተፈረደበት።

የሚገርመው ግን፣ በዚያችው አርብ የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ ኤስ ኤንድ ፒ 500 ከ1.5 በመቶ በላይ ጨምሮ ነው የዘጋው። ጥቂት አክሲዮኖች ሲጋዩ ገበያው በጠቅላላ ፈገግ ብሎ ነበር። የእነዚህ ውሎች መረጃ ለሕዝብ መውጣት የጀመረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። አሁንም የተዋዋዮቹ ስም አይወጣም።

"ቪክስ የሚሰላው ከስዋፕ ነው"

አይደለም። የገበያ መዋዠቅ መለኪያው ቪክስ የሚሰላው ከኤስ ኤንድ ፒ 500 የኦፕሽን (በተወሰነ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት የሚሰጥ ውል) ዋጋዎች ነው።

"ለእኛም ገበያ ምልክት ነው"

የእኛ የኢትዮጵያ የአክሲዮን ገበያ የተከፈተው ገና በእኛ አቆጣጠር በጥር 2017 ነው። መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ የተፈረመ ስዋፕ ስለ እሱ የሚነግረን ነገር የለም። ጓደኛችን የአንድ ባንክ አክሲዮን አለው። የባንኩን ዓመታዊ ሪፖርት አንብቦት እንደሆነ ጠየቅሁት። ቡናውን ጨለጠና ሒሳብ ጠራ።