አሲክስ፦ ከኦኒትሱካ እስከ ሜታስፒድ

አሲክስ ዋና መሥሪያ ቤቱ በጃፓኗ ኮቤ ከተማ የሚገኝ የስፖርት ጫማና አልባሳት አምራች ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ኩባንያው የዛሬ ስሙን የያዘው በ1977 ቢሆንም ታሪኩ የሚጀምረው ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ በ1949 በዚያው ከተማ ካቋቋመው የጫማ ድርጅት ነው። የጦር መኮንን የነበረው ኦኒትሱካ ከጦርነቱ በኋላ መላ ያጣውን ወጣት በስፖርት ማነጽ ፈለገ። ስልቱ ከከባዱ መጀመር ነበር፤ ስለዚህ ለመሥራት እጅግ ያስቸግራል ይባል የነበረውን የቅርጫት ኳስ ጫማ አስቀደመ።

ተጫዋቹ በሩጫ መሃል ድንገት ቆሞ ድንገት ስለሚታጠፍ ሶሉ ወለሉን መያዝ አለበት። ኦኒትሱካ የኦክቶፐስ ክንድ ላይ ያሉትን መምጠጫዎች አይቶ ሶሉን በትንንሽ ጎድጓዶች ሞላው። የመጀመሪያው ሙከራ ግን ወለሉን ከልክ በላይ ስለያዘ ተጫዋቾች ይወድቁ ጀመር። ጎድጓዶቹ ጥልቀታቸው ሲቀነስ ጫማው ተስተካከለ።

ቀጥሎ ወደ ማራቶን ዞረ። ያኔ የሯጭ እግር ውሃ መቋጠሩ የማይቀር ነገር ተደርጎ ይታይ ነበር። ኦኒትሱካ ሐኪም አማክሮ መንስኤው ጫማው ውስጥ የሚጠራቀመው ሙቀት መሆኑን ተረዳ። በ1960 አካባቢ የወጣው ማጂክ ራነር የአየር መግቢያና መውጫ ቀዳዳዎች ነበሩት፤ እግር ሲነሳ ቀዝቃዛ አየር ይገባል፣ መሬት ሲረግጥ የሞቀው ይወጣል።

ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ በ1961 ለማይኒቺ ማራቶን ኦሳካ ሲገባ ኦኒትሱካ ራሱ ሄዶ ጫማ እንዲያደርግ አግባባው። አበበ በኦኒትሱካ ጫማ ሮጦ አሸነፈ። ግንኙነቱ ግን አልዘለቀም፤ በ1964 ቶኪዮ ላይ የሮጠው በፑማ ነው።

በዚያው ዓመት አሜሪካዊው የቀድሞ ሯጭ ፊል ናይትና አሠልጣኙ ቢል ባወርማን የኦኒትሱካ ታይገር ጫማዎችን አሜሪካ ውስጥ ለመሸጥ ብሉ ሪበን ስፖርትስን መሠረቱ። ሽርክናው በ1970ዎቹ መጀመሪያ በክስ ፈረሰ፤ አከፋፋዩም ናይኪ ሆነ። ኮርቴዝ የሚለው የጫማ ስም ለናይኪ ሲቀር ኦኒትሱካ የራሱን ኮርሴር ብሎ ሰየመው። ለኮቤው ኩባንያ ከዚህ የከፋ ኪሳራ የለም ማለት ይቻላል፤ ትልቁን ተፎካካሪውን ያሳደገው በገዛ ጫማው ነው።

በ1977 ኦኒትሱካ ከጂቲኦና ከጄለንክ ኩባንያዎች ጋር ተዋህዶ አሲክስ ተባለ። ስሙ «ጤናማ መንፈስ በጤናማ አካል» ከሚለው የላቲን አባባል የመጀመሪያ ፊደላት የተወሰደ ነው። በ1986 የመሬትን ምት የሚያበርድ ጄል ሶሉ ውስጥ ማስገባት ጀመረ፤ በ1993 ደግሞ የንድፍ ባለሙያው ቶሺካዙ ካያኖ ስሙን የሰጠው ጄል ካያኖ ወጣ። ይህ ጫማ እስከዛሬ በተለይ እግራቸው ወደ ውስጥ ለሚያጋድል ሯጮች ይመከራል።

የካርቦን ዝርግ ያለባቸው ወፍራም ሶሎች ሲመጡ አሲክስ ዘገየ። የመዘግየቱም ጉዳት በ2021 ሃኮኔ ኤኪደን ላይ ታየ፤ በዚህ የጃፓን ዩኒቨርሲቲዎች ዱላ ቅብብል ከ210ሩ ሯጮች አንድም አሲክስ ያደረገ አልነበረም። ኩባንያው በዚያው ዓመት የካርቦን ዝርግ ያለውን ሜታስፒድን በሁለት ዓይነት አወጣ፦ ፍጥነት ሲጨምር እርምጃው ለሚረዝም ሯጭ ስካይ፣ እርምጃው ቶሎ ቶሎ ለሚሆን ሯጭ ኤጅ።