አሳማው ሳይታመም ሰው የሚታመምበት ቫይረስ

«ሄፓታይተስ ኢ የቆሸሸ ውሃ በሽታ ነው፤ አለቀ።»
ግማሹ ልክ ነው። ይህን የጉበት በሽታ ከሚያመጣው ቫይረስ ሰውን በብዛት የሚያጠቁት ዓይነቶች አራት ናቸው። 1 እና 2 የሰው ብቻ ናቸው፤ በሰገራ በተበከለ ውሃ ይዛመታሉ። የ3 እና የ4 ዋና ማደሪያ ግን አሳማ ነው።

«የታመመ አሳማ ያስታውቃል።»
አያስታውቅም። ይበላል፣ ይወፍራል። ቫይረሱ ጉበቱ ውስጥ ይራባል፣ በሰገራው ይወጣል፣ በረቱ ያሉትን ያዳርሳል። ብዙዎቹ የሚያዙት ገና በጥቂት ወራቸው ስለሆነ እስኪታረዱ ድረስ ያልፍላቸዋል። ያላለፈላቸውን በዓይን የሚለይ የለም።

«ከአሳማ መጣ የሚሉት በግምት ነው።»
ይህ ይገባኛል፤ ማረጋገጡ በእርግጥም ከባድ ነው። ምልክቱ የሚታየው ከተያዙ ከ2 እስከ 10 ሳምንት ቆይቶ ነው። ከሁለት ወር በፊት የበላውን ማን ያስታውሳል? ቢያስታውስስ ሥጋው የት ይገኛል? በፈረንጆቹ 2003 ጃፓን ውስጥ ግን ተገኘ። ጥሬ የአጋዘን ሥጋ የበሉ አራት ሰዎች ታመሙ። የተረፈው ሥጋ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበር። ቢመረመር የሥጋውና የታማሚዎቹ ቫይረስ በዘረመል አንድ ሆነ። በዚያው ዓመት፣ በሆካይዶ ከሱቅ የተገዛ 363 እሽግ ጥሬ የአሳማ ጉበት ተመርምሮ 7ቱ ላይ ቫይረሱ ተገኘ። የአንዱ እሽግ ቫይረስ፣ በተነጻጸረው የዘረመል ክፍል፣ ከአንድ ታማሚ ቫይረስ ጋር ልክክ አለ።

«ማቀዝቀዣ ይገድለዋል።»
አይገድለውም። ለብ ለብ ማድረግም ዋጋ የለውም። ጉበት የገባበት ምግብ በላቦራቶሪ ሲሞከር፣ ቫይረሱ ሙሉ በሙሉ የሞተው የምግቡ ውስጥ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ 20 ደቂቃ ሲቆይ ነው። ላዩ ጠብሶ ውስጡ ቀይ የሆነ ጉበት እዚያ አልደረሰም።

«አሳማ አልበላም፤ እኔን አይመለከተኝም።»
የዱር አሳማ፣ አጋዘንና ጥንቸልም ይሸከሙታል። ግመል ደግሞ የራሱ ዓይነት አለው። በደም ልገሳም ይተላለፋል፤ ለዚህም ነው አንዳንድ አገሮች የሚለገሰውን ደም የሚመረምሩት።

«ራሱ ይለቃል።»
አብዛኛውን ሰው፣ አዎ። የአካል ንቅለ ተከላ ተደርጎለት የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላይ ግን ዓይነት 3 ሥር ሰዶ ሊቀመጥ ይችላል። ጉበቱን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠባሳ ሊያደርገው ይችላል። ምልክት ሳያሳይ ስለሚቆይም፣ ሐኪሙ አስቦ ካልመረመረው የመድኃኒቱ ጉዳት ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል።